ልሙጥ ብረትና የማይከፈት ጣት፦ የጭበጣ ልምምድ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቀን 1

ሁለት ባለ 10 ኪሎ ፕሌቶች (ክብ ጠፍጣፋ የብረት ክብደቶች) ፊት ለፊት ገጠምኩ፤ ጠርዝ ያለው ገጻቸው ወደ ውስጥ፣ ልሙጡ ጀርባቸው ወደ ውጭ። አውራ ጣቴን በአንድ ወገን፣ አራቱን ጣቶች በሌላው ወገን አድርጌ በቀኝ እጄ ቆንጥጬ አነሳሁ። መነሳቱን ተነሳ። በ9ኛው ሰከንድ ግን ሙልጭ ብሎ ወረደ። ከስር ወፍራም ጎማ ባላነጥፍ ኖሮ የእግሬንም የወለሉንም ነገር እኔ አላውቅም።

የገረመኝ አወዳደቁ ነው። ጉልበት አልቆ የሚወድቅ ክብደት አስቀድሞ ያስታውቃል፤ አውራ ጣት ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ጣቶቹ ቀስ በቀስ ይከፈታሉ። የዛሬው እንደዚያ አልነበረም። ብረቱ ወለል ላይ ተኝቷል፣ ጣቶቼ ግን እንደ ጉጠት ገጥመው አየር ላይ ቀርተዋል። ከሦስት ቀን በፊት ይህንኑ ክብደት በዚሁ እጅ 21 ሰከንድ ይዤ ነበር። እጄ በሦስት ቀን ውስጥ ከግማሽ በላይ ጉልበቱን ጥሎ አይሄድም። የተለወጠ ሌላ ነገር አለ።

ይህን ማስታወሻ የከፈትኩት ያንን ነገር ለመፈለግ ነው። ዕቃዎቼ ጥቂት ናቸው፦ ሁለቱ ፕሌቶች፣ 60 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው በዘንግ ላይ የሚሽከረከር ልሙጥ የብረት ቱቦ (ከስሩ ክብደት ይንጠለጠልበታል)፣ አንድ ባለ ስፕሪንግ ግሪፐር (በመዳፍ ጨብጠው የሚጨምቁት መለማመጃ)፣ አንድ ጣሳ ቾክ (እጅ የሚቀባ ነጭ ዱቄት)። ሰዓት የምትይዝልኝ ታናሽ እህቴ ናት።

ቀን 2

ዛሬ አላነሳሁም፤ ሒሳብ ሠራሁ።

ቆንጥጠን ስንይዝ ጣቶቻችን ወደ ላይ አይገፉም፤ ወደ ጎን ነው የሚገፉት። ክብደቱን ከመውደቅ የሚያግደው በቆዳና በብረት መካከል ያለው ሰበቃ ብቻ ነው። ሰበቃው ደግሞ የግፊቱና የሰበቃ ቁጥሩ (ሁለቱ ገጾች ምን ያህል እንደሚያያዙ የሚያሳየው ቁጥር) ብዜት ነው፤ ሁለት ወገን ስላለ በሁለት ይባዛል። የሰበቃ ቁጥሩ 0.5 ቢሆን፣ 20 ኪሎ ለመያዝ በእያንዳንዱ ወገን የ20 ኪሎ ያህል ግፊት ያስፈልገኛል። ቁጥሩ ወደ 0.4 ቢወርድ 25 ኪሎ መግፋት አለብኝ። 0.8 ቢደርስ 12 ኪሎ ተኩል ይበቃኛል።

ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። ከ0.5 ወደ 0.4 መውረድ በዓይን አይታይም፣ በእጅም በቅጡ አይታወቅም። ጣት ላይ የሚጭነው ግን ተጨማሪ የ5 ኪሎ ግፊት ነው። አምስት ኪሎ በአውራ ጣት ለመጨመር ወራት ይፈጃል፤ ለመቀነስ ግን አንድ የቆሸሸ ጨርቅ ይበቃል ማለት ነው።

ቀን 3

የመጀመሪያው ሙከራዬ ከንቱ ሆነ። እንዳለ ልጻፈው።

በባዶ እጅ ጀመርኩ፤ 12 ሰከንድ። ከዚያ ትንሽ ቾክ፤ 10። ከዚያ ብዙ ቾክ፤ 6። ከዚያ በጨርቅ ጠረግ አድርጌ፤ 5። «ቾክ ይጎዳል» ብዬ በትልቁ ጻፍኩና አሰመርኩበት። እህቴ ሉሁን አየችና «ወንድምዬ፣ መጨረሻ ላይ ያለው ሁሉ ያነሰው እጅህ ስለደከመ ቢሆንስ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በእያንዳንዱ ሙከራ መካከል ያረፍኩት ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። አውራ ጣትን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ትንንሽ ናቸው፤ ለከባድ ቁንጠጣ ሁለት ደቂቃ አይበቃቸውም።

የዛሬውን ገጽ ሰረዝኩት። አዲሱ ደንብ፦ በመካከል 10 ደቂቃ ዕረፍት፣ በቀን ከሦስት ሙከራ አይበልጥም፣ ተራውም በየቀኑ ይቀያየራል። ሰከንዱን የምታውቀው እህቴ ብቻ ናት፤ ለእኔ የምትነግረኝ ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ቁጥር ካወቅኩ ቁጥር አሳድዳለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

ቀን 5

ዛሬ ብረቱን አጠብኩ። ከዚህ ሁሉ ሥራ የበለጠ ውጤት ያገኘሁት ከዚህ ነው፣ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ እጽፋለሁ።

ፕሌቶቹ ከተገዙ ጀምሮ ታጥበው አያውቁም። አዲስ ብረት እንዳይዝግ ስስ ዘይት ተቀብቶ ይመጣል፤ እኔ ደግሞ በላዩ የላብ ጨው፣ የቾክ ዝቃጭና የፊት ወዝ ጨመርኩበት። የፊት ወዝ የምለው በምክንያት ነው። መዳፍና የጣት ውስጠኛ ገጽ ላብ ያመነጫሉ እንጂ ወዝ አያመነጩም፤ እዚያ ያለው ቆዳ የወዝ ዕጢ የለውም። ታዲያ በእጄ ላይ ያለው ቅባት ከየት መጣ? ስልኬን አቁሜ ራሴን ቀረጽኩ። በግማሽ ሰዓት ልምምድ ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ግንባሬንና ፀጉሬን ነካክቻለሁ። ሁልጊዜም ከማንሳቴ ትንሽ ቀደም ብዬ። ቅባቱን በገዛ እጄ ከግንባሬ እያመጣሁ ብረቱን ስቀባው ኖሬአለሁ።

አስተጣጠቡ እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ በማይፍቅ ስፖንጅ። ቾኩ ከቅባቱ ጋር ተለውሶ ግራጫ ሊጥ ሠርቷል፤ ያን ሳያስለቅቁ አልኮል መቀባት ሊጡን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው መውሰድ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ፣ ውሃ ከቆየ ብረቱ ይዝጋል። ከዚያ መስኮት ከፍቼ፣ እሳት በሌለበት፣ በ70 በመቶ አልኮልና በነጭ ጨርቅ። ነጭ መሆኑ ለጌጥ አይደለም፤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪቀር ድረስ መጥረግ ነው መለኪያው። የመጀመሪያው ጨርቅ የብስክሌት ሰንሰለት የጠረገ ነበር የሚመስለው።

እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ አድርቄ፣ ያለ ምንም ቾክ አነሳሁ። 18 ሰከንድ። ጉልበቴ ያው ነው።

ቀን 6

ትናንት በአራተኛው ጨርቅ ጨርሻለሁ ብዬ ነበር። ዛሬ አምስተኛውን ሞከርኩ፤ አሁንም ግራጫ። ሰባተኛው ነጭ ሆነ።

ቀን 8

የቾክ ነገር።

ልምምድ ቦታ «ቾክ» የምንለው ዱቄት ማግኒዥየም ካርቦኔት ነው። ከጥቁር ሰሌዳ ጠመኔ ጋር በመልክ እንጂ በሥራ አይገናኙም፤ ጠመኔ ከካልሲየም ካርቦኔት ወይም ከጂፕሰም ይሠራል። ማግኒዥየም ካርቦኔቱ ውሃ ውስጥ ይህን ያህል ስለማይሟሟ ከላቡ ጋር ወዲያው ወደ ጭቃነት አይለወጥም። ከጂምናስቲክ ወደ ቋጥኝ መውጣት ያሻገረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጆን ጊል የተባለው አሜሪካዊ ጂምናስትና የሒሳብ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ጥቅሙን የጠየቀ ብዙ ሰው አልነበረም፤ ነጭ እጅ ማለት የሚይዝ እጅ ማለት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ ጥናት ግን በቋጥኝ ላይ ሲለኩት ቾክ ሰበቃውን እንደቀነሰው ዘገበ። በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ እንደሚጨምረው አገኘ። ሁለቱን ሳነብ ተደናግጬ ነበር። አሁን ብረቱን ይዤ ሳየው ሁለቱም የሚያወሩት የማውቀውን ነገር ነው፤ ቾክ እርጥበትን ሲመጥ ይረዳል፣ በራሱ ንጣፍ ሲሆን ደግሞ በቆዳውና በያዘው ነገር መካከል ይገባል።

ሻካራ ነገር ላይ ይህ ብዙም አይጎዳም። ባርቤል (ክብደት የሚጫንበት ረጅም የብረት ዘንግ) ላይ ያለው ጥልፍልፍ ሸካራ ቅርጽ ትርፉን ዱቄት በጎድጓዳው ውስጥ ይቀበላል፤ ጫፎቹም ቆዳውን ያገኙታል። ልሙጥ ብረት ግን ትርፉን የሚያኖርበት ጎድጓዳ የለውም። የተረፈው ዱቄት እዚያው መሃል ሆኖ እንደ ጥቃቅን ኳስ ይንከባለላል።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት አቀባብ አወዳደርኩ። በአንደኛው እጄን ጣሳው ውስጥ ነክሬ እንዳለ አወጣሁ፤ እስከ ዛሬ የማደርገውም እንደዚያ ነው። 13 ሰከንድ፣ በባዶ እጅ ከያዝኩት ያነሰ። በሁለተኛው ከሽምብራ የማትበልጥ ፍርካሽ ወስጄ በጣቶቼ ፊትና በአውራ ጣቴ ላይ አሸሁት፤ የቆዳው መስመሮች ነጭ እስኪሆኑ ድረስ። ከዚያ እጆቼን አጨበጨብኩና ትርፉን በደረቅ ጨርቅ ጠረግኩት። ሲጨርስ እጁ ነጭ አይደለም፣ ደብዘዝ ያለ ነው። 24 ሰከንድ።

ብረቱም መጠረግ አለበት። በየማንሳቱ መካከል ደረቅ ጨርቅ፣ አንድ ዙር። ይህን ካላደረግኩ ሦስተኛው ማንሳት ላይ ብረቱ ራሱ ነጭ ሆኖ ይጠብቀኛል፤ እጄ ላይ የቆጠብኩት ከንቱ ይሆናል።

ቀን 11

የልምምድ ባልደረባዬ መጥቶ አብሮኝ ሠራ። ጣሳዬ ስላለቀ ከቦርሳው ነጭ ዱቄት አወጣልኝ። አሸሁት፣ ፕሌቶቹን ያዝኩ፤ ከወለል እንኳ አልተነሱም። እንደ ሳሙና ናቸው። ዱቄቱን አሸተትኩት፤ ሽቶ አለው።

የሕፃን ዱቄት ነው። ታልክ።

«ነጭ እስከሆነ ድረስ…» ብሎ ጀመረና ራሱ ሳቀ። ታልክ ከማዕድናት ሁሉ ለስላሳው ነው፤ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ ላይ 1 ቁጥርን የያዘው እሱ ነው። ቅንጣቶቹ እንደ ገጸ ወረቀት በላይ በላይ የተነባበሩ ስለሆኑ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ዴድሊፍት (ባርቤል ከወለል እስከ ጭን የማንሳት ልምምድ) የሚሠሩ ሰዎች ዘንጉ እንዳይያዛቸው ጭናቸው ላይ የሚነሰንሱት ለዚሁ ነው። እጃቸውን እንዳይነካ የሚጠነቀቁትም ለዚሁ።

እጄን ሁለት ጊዜ በሳሙና፣ ፕሌቶቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ በሙሉ ሂደት አጠብኩ። ልምምዱ ቀረ።

ቀን 13

ጠዋት ላይ የማይገባ ነገር ሆነ። ብረቱ ንጹሕ፣ እጄ ንጹሕ፣ አየሩ ደረቅ፣ ላብ የለም። ሁሉ ነገር እንደምፈልገው። በባዶ እጅ 11 ሰከንድ። ጣቴን ብረቱ ላይ ስጎትተው እንደ ወረቀት ይንሸራተታል፣ ድምፅ እንኳ ያወጣል።

ነገሩን ያመጣሁት ራሴ ነኝ። ከቀን 5 ጀምሮ እጄን በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ በሳሙና እየታጠብኩ፣ ከዚያ በአልኮል እየጠረግኩ፣ በላዩ ቾክ እያሸሁ ነው። ቆዳው ደርቆ ጠጥሯል። ጠጣር ቆዳ ደግሞ ልሙጥ ብረት ላይ የሚያርፈው በጥቂት ነጥቦች ብቻ ነው። ትንሽ እርጥበት ያገኘ ቆዳ ለስለስ ይልና ብረቱ ላይ ይተኛል፤ የሚነካካው ስፋት ይጨምራል፣ ሰበቃውም አብሮ። እርጥበቱ በዝቶ ውሃው በመሃል ሲቋጥር እንደገና ያሟልጫል። የቆዳ ሰበቃ እንደ ኮረብታ ነው፤ በሁለቱም ወገን ቁልቁለት አለው። እኔ ስሸሽ የኖርኩት የላቡን ቁልቁለት ነበር፤ በደረቁ ወገን እንደወረድኩ አላስተዋልኩም።

መፍትሔው የሚያስቅ ነው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ በጣቶቼ ላይ ሁለት ጊዜ «ሃ» ብዬ ተነፈስኩ፤ መስታወት ለማደብዘዝ እንደሚደረገው። 20 ሰከንድ።

ከእንግዲህ ደንቡ ተለወጠ። ቾክ የምቀባው ሁልጊዜ አይደለም። አውራ ጣቴን በአመልካች ጣቴ ላይ አሻለሁ። የሚያዳልጥና የሚያንሾካሹክ ከሆነ ትንፋሽ፤ እርጥብ ከሆነ ስስ ቾክ፤ ያዝ ያዝ የሚያደርግ ከሆነ ምንም። ሦስተኛው ሲያጋጥም አለመንካት ይከብዳል፤ እጅ ከልማዱ ወደ ጣሳው ይሄዳል።

ቀን 15

ሰከንድ ብቻ አላጠገበኝም። አንዱን ፕሌት የገላ ሚዛን ላይ አጋደምኩት። አራቱን ጣቶቼን አሳርፌ ሚዛኑ ከፕሌቱ ክብደት በላይ 3 ኪሎ እስኪያሳይ ተጫንኩ። እህቴ አንጓዬ ላይ ባሰርኩት ማሰሪያ የሻንጣ ሚዛን አያይዛ ወደ ጎን ሳበችኝና ጣቴ ሲንሸራተት ቁጥሩን አነበበች። ያንን ለ3 ስናካፍለው የሰበቃ ቁጥር ይወጣል።

የደረቀ እጅ 0.4 አካባቢ። የተነፈስኩበት 0.7። በውሃ የራሰ 0.3። ስስ ቾክ 0.6። ወፍራም ቾክ 0.45። ሁለት ጊዜ ስንደግመው ትንሽ ወዲህ ወዲያ አሉ፣ ቅደም ተከተላቸው ግን አልተለወጠም።

እነዚህን ቁጥሮች ወስጄ የቀን 2 ሒሳብ ውስጥ አላስገባቸውም። ቆዳ እንደ እንጨት ወይም እንደ ብረት አይደለም፤ ጠንክረው ሲጫኑት የሰበቃ ቁጥሩ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም የሚነካካው ስፋት በግፊቱ ልክ አያድግም። በ3 ኪሎ 0.7 ያሳየ ጣት በ20 ኪሎ ግፊት ከዚያ ያነሰ ነው። ለማወዳደር ግን ይበቃል። ትንፋሹ ከስሱ ቾክ መብለጡ ለብቻው ያስገርማል፤ ችግሩ አለመቆየቱ ነው። ትንፋሽ አንድ ማንሳት ያህል ያገለግላል። ላብ ሲጀምር ደግሞ ይገለበጣል።

ቀን 19

ወደ ወፍራሙ ቱቦ ዞርኩ።

እዚህ ሌላ ዓለም ነው። በ60 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላይ አውራ ጣቴና ጣቶቼ አይገናኙም፤ ከስር ክፍተት ይቀራል። ቱቦው ስለሚሽከረከር ደግሞ ጣቴን የሚከፍተው ክብደቱ ብቻ ሳይሆን መዞሩም ነው። ቶማስ ኢንች የተባለው እንግሊዛዊ ኃይለኛ ሰው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሰዎችን ይፈትንበት የነበረው ዳምቤል (በአንድ እጅ የሚነሳ ባለ ሁለት ራስ ክብደት) ክብደቱ 78 ኪሎ ያህል፣ መያዣው 60 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር። ሰባ ስምንት ኪሎ ከወለል ማንሳት ለጠንካራ ሰው ብርቅ አይደለም። ያ ዳምቤል ግን ትልልቅ ድቡልቡል ራሶቹ መዞር ሲጀምሩ መያዣው በእጅ ውስጥ አብሮ ይዞራል፤ ጣትን ከጫፉ ይፈታዋል። ከእሱ ቀደም ብሎ አፖሎን በሚል ስሙ የታወቀው ፈረንሳዊ ሉዊ ዩኒ የባቡር መንኮራኩሮችን ከነዘንጋቸው ያነሳ ነበር፤ 166 ኪሎ፣ የዘንጉ ውፍረት 49 ሚሊ ሜትር አካባቢ። እነዚያ ሁሉ ብረቶች ልሙጥ ነበሩ።

ቱቦው ላይ ስስ ቾክ ከጠበቅኩት ያነሰ ረዳኝ። ምክንያቱን ያገኘሁት እጄን ካነሳሁ በኋላ ያየሁት ምልክት ላይ ነው። ቾኩን የቀባሁት መዳፌ ላይ ነበር፤ ብረቱ ላይ የተሻሸው ዱካ ግን የጣቶቼ የመጨረሻ አንጓና የአውራ ጣቴ ጎን ነው። የሚፈታው ከዚያ ነው። መዳፉን ትቼ ጫፎቹን ብቻ፣ በተለይ የአውራ ጣቴን ውስጠኛ ጎን፣ በደንብ አሸሁ። በ40 ኪሎ ከ6 ሰከንድ ወደ 11።

አንድ ሌላ ነገር፦ ቱቦውን ስይዝ መጀመሪያ መዳፌን በጥልቀት አስገብቼ ከዚያ ጣቴን ስጠቀልል፣ ቆዳው ከስር ተጨማድዶ ይቀራል። ክብደቱ ሲወርድ ያ ጭማደድ ይፈታና ቱቦው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ የሚቆም የለም። አሁን ጣቶቼን መጀመሪያ አሳርፌ፣ ቆዳውን ወደ ታች አቅጣጫ ጎትቼ አጥብቄ፣ ከዚያ ነው የምዘጋው።

ቀን 22

ፈተናው መጣ። ብርጭቆ ወረቀት።

ፕሌቶቹን አልነካሁም። ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ያልተቀባ ትርፍ ቱቦ ነበረኝ፤ ግማሹን በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩ፣ ግማሹን ተውኩት። የመፈተጊያው አቅጣጫ ለውጥ ያመጣል። ቱቦው ዙሪያውን ከተፈተገ ጭረቶቹ ከመዞሩ ጋር አንድ አቅጣጫ ስለሚሆኑ ጣት በመስመሩ ውስጥ ይንሸራተታል። ከርዝመቱ ጋር ሲፈተግ ጭረቶቹ መዞሩን ያቋርጡታል። ልዩነቱ በጣት ብቻ ሲነካ እንኳ ይታወቃል።

በ40 ኪሎ 19 ሰከንድ። በጣም ጥሩ። ለዚህም ነው የማላደርገው። ብረቱን ሳሻክረው ቁጥሩ ያድጋል፣ አውራ ጣቴ ግን ያው የትናንቱ ነው። ልሙጥ ብረት የያዝኩት ልሙጥ ስለሆነ ነው። ቆሻሻውን ማስወገድና ብረቱን ሌላ ብረት ማድረግ ለእኔ አንድ አይደሉም። ባልደረባዬ በዚህ አይስማማም፤ «ያንተ ቾክስ ምንድን ነው ታዲያ?» ይለኛል። ጥሩ መልስ አላገኘሁለትም።

ለሚፈልጉት ግን ሦስት ነገር። ክሮም የተለበጠ ዕቃ አይፈተግ፤ ልባጡ ስስ ነው፣ አንዴ ከተበሳ ይቀረፋል፣ ቅርፊቱም እጅ ይቆርጣል። የቆየ ቀለም ያለበት ብረትም አይፈተግ፤ ድሮ የተሠሩ ቀለሞች እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖራቸው ይችላል፣ አቧራው ወደ ሳንባ ይሄዳል። ባዶ ብረት ከተፈተገ በኋላ ደግሞ በቶሎ ይዝጋል፤ የኔ ግማሽ ቱቦ በሁለት ቀን ብርቱካናማ ሆነ። ዘይት ቢቀቡት ወደ ቀን 1 ይመለሳሉ። የሚሻለው ስስ ዘይት ቀብቶ አስቀምጦ፣ ከመያዙ በፊት በአልኮል መጥረግ ነው።

ቀን 23

የዛፍ ሙጫ ዱቄት፤ የቫዮሊን ቀስት ላይ የሚሻሸው ዓይነት። አንዴ ሞከርኩት፤ በእርግጥ ይይዛል፣ በእጅ ሙቀት ሲለሰልስ ይብሳል። ነገር ግን ብረቱ ላይ ተለጥፎ ቀረ፤ ለማስለቀቅ ከፕሌቱ ይልቅ እኔ ነኝ የደከምኩት። በጭበጣ ውድድሮች ቾክ የተለመደ ሲሆን የሚያጣብቅ ነገር በአብዛኛው አይፈቀድም። ድንጋይ የሚያነሱ ኃይለኞች ይጠቀሙበት። ለእኔ በቃ።

ቀን 27

አውራ ጣቴ ጫፍ ላይ ቆዳው ተሰነጠቀ። ቀን 13 ያስጠነቀቀኝን አልሰማሁም።

አሁን ማታ ማታ፣ ልምምድ ካለቀና እጄን ከታጠብኩ በኋላ፣ ቅባት እቀባለሁ። ጠዋት በሳሙና ይነሳል፤ ልምምድ ካለኝ ሰዓት ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀድሞ መሆን አለበት። ከጣቶቹ ስር ያለው መጅ ሌላ ጉዳይ ነው። መጅ ቆዳን ይከላከላል፣ እውነት ነው፤ ሲወፍርና ሲደርቅ ግን ራሱ እንደ ቀንድ ልሙጥ ይሆናል፣ ጠርዙም ቱቦው ሲዞር ተይዞ ይገነጠላል። ገላ ታጥቤ ለስለስ ሲል በተረከዝ መፈግፈጊያ ድንጋይ አስተካክለዋለሁ፤ አላጠፋውም፣ ከዙሪያው ቆዳ ጋር እኩል ብቻ አደርገዋለሁ።

አራት ቀን ቁንጠጣ የለም።

ቀን 30

በዕረፍቱ ግሪፐር። እጀታው ሻካራ ስለሆነ እዚህ የማወራው ብዙ የለም። ላብ ሲኖር ከመዳፍ በኩል ያለው እጀታ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ እዚያ ላይ ቾክ፣ በጣቶቹ በኩል ምንም። አለቀ።

ቀን 34

ትልቁ ሙከራ፤ ሦስት ቀን ፈጀ፣ ዛሬ አለቀ። ሦስት ሁኔታ፦ ንጹሕ ባዶ እጅ፣ ስስ ቾክ፣ ወፍራም ቾክ። እያንዳንዱ ሦስት ጊዜ። ተራውን እህቴ በዕጣ አወጣች፤ ሰከንዱንም ዛሬ ማታ ድረስ አልነገረችኝም። ቁንጠጣ፣ 20 ኪሎ፣ ቀኝ እጅ።

ባዶ እጅ፦ 18፣ 20፣ 19። ስስ ቾክ፦ 25፣ 24፣ 26። ወፍራም ቾክ፦ 15፣ 13፣ 14።

እኔን ያስደሰተኝ አማካዩ አይደለም፤ በአንድ ሁኔታ ውስጥ ያለው ልዩነት ከ2 ሰከንድ አለመብለጡ ነው። በዚህ ማስታወሻ መጀመሪያ ላይ ያው እጅ፣ ያው ክብደት፣ አንድ ቀን 21 ሌላ ቀን 9 ነበር። ከዚያ በፊት ባሉት ወራት «ዛሬ ጠንክሬአለሁ»፣ «ዛሬ ደክሜአለሁ» እያልኩ የጻፍኳቸው ገጾች አሉ። አንዳንዱ የአየሩ እርጥበት ነበር። አንዳንዱ ግንባሬ።

ቀን 41

ከዕረፍት ጋር ሰባት ቀን። 20 ኪሎ፣ ንጹሕ ብረት፣ ባዶ እጅ፦ 23 ሰከንድ። በቀን 5 በዚሁ ሁኔታ 18 ነበር፤ ስለዚህ 5ቱ ሰከንድ የእጄ ናቸው። ስስ ቾክ ስጨምርበት 29፤ ያንን ለብቻው አምድ ውስጥ ጻፍኩት። በፕሌቶቹ ቀዳዳ አጭር ዘንግ አሳልፌ 2 ኪሎ ተኩል ጨመርኩ፤ 22 ኪሎ ተኩል በስስ ቾክ 12 ሰከንድ። የወደቀው ጣቶቼ ተከፍተው ነው።

ባልደረባዬ የራሱን ፕሌቶች ይዞ መጣ፤ የሚያብረቀርቅ ቀይ ቀለም የተቀቡ ናቸው። 20 ኪሎ፣ ስስ ቾክ፣ 7 ሰከንድ። ነጩን ጨርቅና አልኮሉን አመጣሁ። ሙሉውን ከመጥረጌ በፊት ከጥጉ ላይ ትንሽ ሞከርኩ፤ ጨርቁ ቀይ ሆነ። «ተው!» አለ ከእጄ እየነጠቀኝ። የሱዎቹ በሳሙና ብቻ ይታጠባሉ። ማክሰኞ እንጀምራለን።